የቃልኪዳን የማለዳ ክኒን

ኅዳር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.
ወገዳ፣ ስማዳ

ለምወድህ ባለቤቴ ለፈንታው፣

እንደምን ሰነበትህ? መተማ ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ አንተን አሰብሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ስንዴው ገና ነው። እኔ ደክሞኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

የልጃችንን የቃልኪዳንን ነገር ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማ ይሻላል ብዬ ነው የጻፍሁልህ። ደብረ ታቦር ሐኪሙ፣ አንገቷ ውስጥ ያለችው ዕጢ ሰውነትና አእምሮ የሚያሳድገውን ሆርሞን አታመነጭም፣ ክኒኑ አንድ ቀንም እንዳይቋረጥ ያለንን አብረን ሰምተናል። አንተ ከሄድህ ጀምሮ ሲነጋ፣ ጡት ሳትይዝ፣ ክኒኑን ማንኪያ ላይ ፈጭቼ በጡቴ ወተት አሟሙቼ እሰጣት ነበር። ስትተፋው ከአገጯ ላይ በማንኪያው ጠርጌ እመልስላታለሁ። እንዲያም ሆኖ ወፍራ፣ መሳቅም ጀምራ ነበር።

አጨዳ ሲደርስ ግን ውርጩ ሳይለቅ ማሳ መውረድ ነበረብኝ። ወተቴን ሲኒ ላይ አልቤ ከክኒኑ ጋር ለእናትህ እተውላቸው ጀመር። አጨዳው ሳያልቅ ልጅቷ ተለወጠችብኝ። እንቅልፍ አበዛች፣ ለቅሶዋ ጎረነነ፣ ጡት እንደጎረሰች ሳትጠባ ታንቀላፋለች። እጅና እግሯ ቀዘቀዘ።

«እትየ፣ ክኒኑን ትውጥልዎታለች?» አልኋቸው።

«ድና የለ? የዳነች ልጅ በየቀኑ መድኃኒት ስትውጥ አንጀቷ ይቃጠላል ብዬ ጠበሉን ብቻ ሳጠጣት ነው የሰነበትሁ» አሉኝ።

አልጮህሁም። ለመጮህም አቅም አልነበረኝ። ልጄን አዝዬ ወጣሁ። እናትህ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ተከተሉኝ። ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው መኪና ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ፣ «ደህና የነበረችው ክኒኑን ስለምትወስድ ነው፤ ሲቆም ሕመሙ ይመለሳል» ሲል ያለቀሱት እናትህ ናቸው።

«አእምሮዋ ላይ ጉዳት ይቀርባት ይሆን?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሳይብስ አምጥታችኋታል። እርግጡን ግን እያደገች ስትሄድ ነው የምናየው» አለኝ።

ስንመለስ የነፍስ አባታችን አባ መሐሪ ሊጠይቁን መጡ። እናትህ፣ «ጠበሉን አቃለልን እንዳይሆንብን» ሲሏቸው፣ «ጠበሉንም አጠጧት፣ ክኒኑንም ስጧት፤ ሁለቱንም የሰጠን እሱ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ እናትህ ከእኔ ቀድመው ይነሣሉ። እኔ ሳሟሟ እሳቸው ልጅቷን ታቅፈው ይጠብቃሉ፤ ከዋጠች በኋላ ምላሷ ሥር ሳይቀር ያያሉ። አደራህን፣ እንዳትቆጣቸው። የእኔም ንዴት ገና አልወጣልኝም፤ ግን ያለ እሳቸው አልችለውም።

አሁን አጥብቃ መጥባት ጀምራለች። ክኒኑ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ሐኪሙ ይህን መጀመሪያ በነገረን በሳምንቱ መሄድህን ሰው ሲያነሣብኝ፣ ሥራ ተገኝቶለት ነው እላለሁ።

ጎረቤታችን ይበልጣል ትናንት ለሚስቱ ደውሎ ነበር። «ፈንታው ደህና ነው፣ አብረን ነው የምናድር» አላት። ደስ አለኝ። ያንተ ስልክ ተበላሽቶ ይሆናል ብያለሁ። ቃልኪዳን ድምፅ ወደሰማችበት ዞር ማለት ጀምራለች። በይበልጣል ስልክም ቢሆን ደውል፤ እኔን ባታናግረኝም ጆሮዋ ላይ አደርግላታለሁ።

እናትህ ሰላም በይልኝ ብለዋል። የሄድህበትን መንገድ መድኃኔዓለም መመለሻም ያድርግልህ።

ባለቤትህ ፅጌረዳ