የሚስተር ፕለንኬት ባት

ብሩክሊን፣ ኅዳር 9 ቀን 1913

ቺካጎ ላይ ብርድ ለሚፈጃት እህቴ ለሉዌላ፣

እንደምን ከርመሻል፣ እታለም? እኔ ንዴቱ ካልገደለኝ በቀር ደህና ነኝ።

ያ የስቶኪንግ፣ የሴቶች ረጅም ካልሲ፣ ማስታወቂያ የወጣበት መጽሔት ፀጉር ቤታችን ከገባ ወዲህ አባባ ስምሽን አያነሳም። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ የሰበሰበችው ሴት ያንቺ ፊት ነበራታ! «እኔ አምና ለመጽሔቱ ሽፋን የተሳልኩት በባርኔጣና በካፖርት ነው፤ እግሬን ማንም አላየው» ብለሽ ብትምዪ፣ ብታለቅሺ ማን ሰምቶሽ! ሻንጣሽን ደጅ አወጣው። እሱ ራሱ አምና ያንን ሽፋን መስታወቱ ላይ ለጥፎ «ልጄ እኮ ናት!» ሲል የስንቱን ጢም አበላሽቷል!

አክስት ፊቢማ «መጽሔት የሰይጣን ደብዳቤ ነው» ትላለች፤ ከዚያው መጽሔት ላይ አይታ በገዛችው ወገብ ማጥበቂያ ኮርሴት ተጠፍንጋ፣ ትንፋሽ እያጠራት።

ቅዳሜ ብድግ ብዬ ማስታወቂያውን የሳለው ሠዓሊ ዘንድ ሄድኩ። «የእህቴን ፊት በማን እግር ላይ ነው የተከልከው?» አልኩት። ቅንጣት አላፈረም!

«ፊቱ የአምናው ነው፤ የሚያምር ፊት አንዴ ስለን አንጥልም፣ ሁላችንም እንዲሁ ነን። የእግሮቹ ባለቤት ደግሞ ያውልሽ፣ እዚያ ተቀምጧል።»

ዞር ስል ጢሙ ደረቱ የደረሰ፣ ዱሮ ሰርከስ ውስጥ በገመድ ላይ ይሄድ የነበረ ሽማግሌ፣ የሐር ስቶኪንግ አጥልቆ ምድጃው ዳር ሾርባ ይጠጣል።

«ፕለንኬት እባላለሁ» አለኝ ኮራ ብሎ። «በዚህ ከተማ እንደኔ ያለ ባት ያላት ሴት የለችም።»

እየጎተትኩ ፀጉር ቤት አመጣሁት። አባባ ጢሙን ሊላጭ የመጣ መስሎት ወንበር ሳበለት።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያሳዩልኝ!» አልኩ።

ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ ጣቶቹን ሹል አድርጎ ዘረጋ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ኤልመር፣ ልጅህን ያባረርካት በዚህ ሽማግሌ እግር ነው?» አለ አንዱ ደንበኛ ፊቱ በአረፋ እንደተለወሰ።

አባባ ጆሮው ድረስ ቀላ። ይቅርታ ያለ እንዳይመስልሽ! «ምላጬን አቀብዪኝ» ብቻ። ትልልቅ ሰዎች ሲሳሳቱ ጉንፋን ይይዛቸዋል መሰለኝ፤ እስኪመሽ ድረስ ጉሮሮውን ሲጠርግ ዋለ።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ ያንቺን እንባ አላመነም፤ የፕለንኬትን ባት አመነ!

አሁን ይህን ስጽፍ አክስት ፊቢ «ለማን ነው?» ብላ ስትጮህ፣ አባባ «ተያት» አላት። ቆይቶ ደግሞ «ካፖርቷን ይዛ ነበር?» አለኝ።

«ሻንጣዋን የዘጋኸው አንተ አይደለህ እንዴ!» አልኩት።

ደግሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

በይ ብርዱ ይራራልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ እግርሽ ወደ ቤት ይምራሽ።

ታናሽሽ ሄቲ

ልጨምር፦ ፖስታውን ላሽግ ስል ውስጡ ለመልስሽ የሚሆን ቴምብር አገኘሁ። እኔ አላስገባሁትም፤ አክስት ፊቢም አይደለችም። የመላጫ ሳሙና ይሸታል።