አንዲት እናት በሁለት አዳራሽ፦ ለኤሊው ንጉሥ ምድር የምግብ ሹም

ለተከበሩ ሚስተር ትሬንት ኮልድዌል
በኤሊው ንጉሥ ምድር መዝናኛ ፓርክ የእንግዶች የምግብ ደስታ ምክትል ፕሬዚዳንት
ማዕከላዊ ፍሎሪዳ

ጉዳዩ፦ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ጠረጴዛ እንዲፈቀድ በትሕትና ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በተለይ ደግሞ ሆድዎ ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የአንድ ትልቅ ፓርክ እንግዶች ምን እንደሚበሉ፣ ከማን ጋር እንደሚበሉና በየትኛው አዳራሽ እንደሚበሉ ሲወስን የሚውል ሰው፣ እሱ ራሱ ምሳ መብላቱን የሚጠይቀው ሰው አያገኝም ብዬ ስለምሰጋ ነው።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ከትከሻዎ ኋላ ሆነው አብረውን ለሚያነቡት የዓምዴ ወዳጆች አንዲት ትንሽ ኀፍረቴን ሹክ ልበል፤ እስከዚያው እባክዎ ጆሮዎን ይድፈኑልኝ። ወዳጆቼ፣ የማቀዝቀዣዬ በር አልዘጋ ብሏል። በኤሊ ቅርጽ የተሠራ ቸኮሌት ሞልቶት ነው። እኔ ማርቫ ሊን ሆብስ፣ በየወሩ በዚህ ገጽ ላይ «እየራባችሁ ገበያ አትውጡ» እያልኩ የምመክራችሁ ሴት፣ የፓርኩ ቆይታችን በሚያበቃበት ምሽት የተረፉኝ የመክሰስ ነጥቦች ከመቃጠላቸው በፊት ላራግፋቸው ብዬ፣ እንደኔው ከደነገጡ እናቶች ጋር እየተጋፋሁ መደርደሪያውን አራቆትኩት። አንዲት ሴትዮ በክርኗ ጎኔን መታችኝ። እኔም መልሼ መታኋት። አሁን የጎረቤቶቼ ልጆች ቸኮሌት ይዤ ስመጣ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ።

ይኸው ተናገርኩ፤ ቀለለኝ። ወደ እርስዎ ልመለስ።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት (እርስዎ ባያውቁትም ደመወዝዎ እንደሚያውቀው) ድርጅትዎ የእንግዳን ሆድ የሚያጠምድባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው ገና ከቤት ሳይወጡ ለማይበሉት ምግብ ጭምር የሚከፈልበት የምግብ ፓኬጅ ነው፤ የተከፈለበት ምግብ በነጥብ እየተቆጠረ ይበላል፣ ቀኑ ካለፈ ነጥቡ ይቃጠላል። ሁለተኛው የቅናሽ ካርድ ነው፤ ይኸውም ሰው ወደፊት ትንሽ እንዲቀነስለት ዛሬ የሚገዛው ፕላስቲክ ነው። በእኛ አካባቢ አንድ ሰው ባፕቲስት ይሁን ሜቶዲስት ከመጠየቁ በፊት ፓኬጅ ይሁን ካርድ ይጠየቃል። በዚህ ነገር የፈረሰ እጮኝነት አውቃለሁ፤ ስም ግን አልጠራም፣ ልጅቷ ይህን መጽሔት ታነባለች።

እኔ ፓኬጅ ነኝ። እህቴ ቨርና ካርድ ናት። እናታችን ኤርሊን ምንም አይደለችም፤ የሚያስፈልጋትን በልታ የበላችውን የምትከፍል ሴት ናት። እንዲህ ያለ ሰው በእርስዎ ፓርክ ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚጠራ እስካሁን አላወቅንም።

እኔና ቨርና አባታችን ትቶልን በሞተው የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ምክንያት ከተኳረፍን ወዲህ አንድ ማዕድ ቀርበን አናውቅም። በገና እናታችን እኔን በምሳ፣ ቨርናን በራት ታስተናግዳለች፤ መልእክት ካለንም በእሷ በኩል ነው የምንላላከው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ሲል ምን ስጦታ እንደምትፈልግ ጠየቅናት። «ሁለታችሁን። ባንድ ጠረጴዛ። ሌላ ነገር ይዛችሁ እንዳትመጡ» አለች። ቦታውንም ራሷ መረጠች፤ በሰው ሠራሽ ሐይቃችሁ መካከል ደሴቷ ላይ ያለውን «የንጉሡ ማዕድ» የተባለውን ምግብ ቤት። በዚያ ሁሉ ውድ ሳህን ምን ፈልጋ እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ብጠይቃት፦

«የሚያደርሰው ጀልባ ነው፤ ራት ሳያልቅ ደግሞ አይመለስም። አንዳችሁም በር ወርውራችሁ መሄድ አትችሉም።»

እናቴ እንዲህ ናት። እርስዎ ግን በለጧት፤ ለዚህም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ፓኬጁ በጣም አመሰግናለሁ። እናታችን ቁርሷ አንድ ቁራሽ ዳቦና ሻይ ነው። በደንብዎ መሠረት ግን አንድ ክፍል ውስጥ ያደረ ሁሉ አንድ ዓይነት ፓኬጅ መግዛት ስላለበት፣ እሷም እኔ ክፍል ስላደረች፣ የአንድ እንጨት ፈላጭ ቀለብ ተገዛላት። አንድ ጠርሙስ ውኃና የሰው ጭንቅላት የሚያህል ኬክ እኩል አንድ አንድ ነጥብ እንዲሆኑ የወሰነው ሰው ማን ይሆን? በፍሎሪዳ ሐምሌ፣ ውኃ የጠጣ ሰው ኬኩ ይቆጨዋል፤ ኬክ የወሰደ ሰው ጉሮሮው ይደርቃል። እናቴ በጠማት ቁጥር ስታመነታ አየኋት። በመጨረሻ «አንቺ ኬኩን ውሰጂበት፤ ውኃውን ከመታጠቢያ ቤት እጠጣለሁ» አለችኝ። ሰማንያ ዓመቷ ነው፣ ክቡር ሆይ። ከመታጠቢያ ቤት ጠጣች።

2. ካርዱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ቨርና በእናታችን በኩል «ለማርቫ ንገሪያት፦ እሷ ላልበላችው ትከፍላለች፣ እኔ ከበላሁት ላይ ይቀነስልኛል። ማንኛችን ነን ሞኟ?» የሚል መልእክት ልካልኝ ነበር። እውነቷን ነው፣ ይቀነስላታል፤ መጠጥ ካልጠጣች፣ ጣፋጭ ካላማራት፣ ልጅ ይዛ ካልመጣች፣ ቀኑ በዓል ወይም የበዓል ዋዜማ ካልሆነ፣ ደግሞም ያን ምሽት ርችት ካልተተኮሰ። ባሏ ሮስኮ ከዝናቡ ሌላ ወሬ የማይወጣው ሰው ነው። የካርዱን ጀርባ በማጉያ መነጽር አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ «ሰላጣ ላይ ይሠራል» አለ።

የትኛው ይሻላል እያላችሁ ለምትጽፉልኝ አንባቢዎቼ ፍርዴን እዚሁ ላስቀምጥ። በቀን ሦስቴ ጠግቦ የሚበላ፣ ጣፋጭ የሚወድ፣ ቀጠሮውንም የማያሳልፍ ቤተሰብ ፓኬጁ ያዋጣዋል። አቅራቢያ የሚኖር፣ ደጋግሞ የሚሄድና አንዱን ሳህን ለሁለት የሚካፈል ሰው ካርዱ ያዋጣዋል። ሁለቱም ዓይነት ሰው ያለበት ቤተሰብ፣ ማለትም ማንኛውም ቤተሰብ፣ ቀጥሎ ያለውን ያንብብ።

3. የእናታችን የወጣትነት ፎቶ የታተመበት ቢጫ ካናቴራ አራታችንም ለብሰን በጀልባው ተሻገርን። እሷ በመካከል፣ እኔ በቀኝ፣ ቨርና በግራ፣ ሮስኮ ደመናውን እያየ። በሩ ላይ ሼልቢ የሚል ስም ደረቷ ላይ የለጠፈች፣ የኤሊ ድንጋይ ልብስ ጀርባዋ ላይ ያሳዘላችኋት ወጣት ተቀበለችን።

«እንኳን ወደ ንጉሡ ማዕድ በደኅና መጣችሁ! ፓኬጅ ናችሁ ካርድ?»

«ሁለቱም ነን» አልኳት።

ፈገግታዋ እዚያው ቀረ፤ ዓይኗ ግን ሄደ። «ይቅርታ፣ ሁለቱም የሚባል የለንም። መሣሪያው ላንድ ጠረጴዛ አንድ ዓይነት ብቻ ነው የሚቀበለው። ፓኬጆች ኮራል አዳራሽ፣ ካርዶች ዛጎል በረንዳ።»

እናታችን ጣልቃ ገባች። «የኔ ልጅ፣ እኔ ፓኬጅም ካርድም አይደለሁም። የነዚህ የሁለቱ እናት ነኝ።»

ሼልቢ ፓርኩ በእናታችን እጅ ያሰረውን አምባር በመሣሪያዋ ነካ አደረገችው። «እማማ፣ እርስዎ ፓኬጅ ነዎት።»

ቨርና ካርዷን ትታ ሙሉ ሒሳብ ልትከፍል ጠየቀች። አይሆንም! የእሷና የሮስኮ ቦታ የተያዘው በካርዱ ስለሆነ መሰረዝ የሚችለው የእርስዎ ቢሮ ብቻ ነው፤ ቢሮዎ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ወደ ሐይቁ ዞር ብለን አየን። ጀልባው ሄዷል። «መቼ ነው የሚመለሰው?» አለ ሮስኮ። «ከራት በኋላ» አለች ሼልቢ፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። በእሷ አልፈርድም። ድንጋዩን ያሸከሟት እርስዎ ነዎት።

እንግዲህ እናታችን ከእኔ ጋር ኮራል አዳራሽ ገባች፣ ቨርናና ሮስኮ በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ በመካከላችን ቁመቱ ጣሪያ የሚደርስ መስታወት ነበረ። ለውበት ነው ያሠራችሁት ይባላል። እናቴ ሹካ አልነካችም። ትንሽ ቆይታ ወንበሯን እየጎተተች ሄዳ አዳራሹንና በረንዳውን በሚያገናኘው በር መሐል አስቀመጠችውና ተቀመጠችበት፤ ፊቷን ወደ አንዳችንም ሳታዞር፣ ጎኗን ለሁለታችንም ሰጥታ። በዚያው ሰዓት የኤሊው ንጉሥ ዘውዱን ደፍቶ የልደት መዝሙር ሊዘምርላት መጣ፤ ማለፊያ ግን አጣ።

«ግባ ወይ ውጣ» አለችው እናቴ። «እኔ አልነሳም።»

ከዚያ ትልቅ የጨርቅ ጭንቅላት ውስጥ የደከመ የሰው ድምፅ ወጣ። «እማማ፣ እኔም ብሆን አልነሳም።»

የገጸ ባሕርይ ልብስ የለበሱ ሠራተኞቻችሁ እንዲናገሩ እንደማይፈቀድላቸው አውቃለሁ። ሰውየውን ፈልገው እንዳይቀጡብኝ ብዬ የትኛው ምሽት እንደነበረ አልጽፍም። የቀሩት ሠራተኞች ግን «ለደኅንነትዎ ነው» እያሉ ወንበሯን ከነእሷ ወደ ኮራል አዳራሽ መለሱት። ቨርና ይህን አይታ ከበረንዳው ተነሥታ መስታወቱ ጋ መጣች። እኔም ሄድኩ። ድምፅ አይሰማም፤ ከንፈሯን አነበብኩ። «እማ በላች?» ራሴን ነቀነቅኩ፣ አልበላችም። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ በቀጥታ የተነጋገርነው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ እሱንም በመስታወት።

4. የይቅርታ ደብዳቤዎ ደርሶናል። አብሮት የተላከው ስጦታም እንዲሁ፦ ለሚቀጥለው ዓመት፣ ከፓኬጁ ወይም ከካርዱ አንዱን መርጦ መውሰድ የሚያስችል፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግል ወረቀት። እናታችን መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ሰውየው ቀልደኛ ነው» ብላ አጣጥፋ የሚወዛወዘውን የወጥ ቤቷን ጠረጴዛ እግር አስደገፈችበት። አሁን አይወዛወዝም። ስለዚህ ይህ አራተኛው ምስጋናዬ ከልብ ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ። እናታችን ማንንም ሳታማክር ስልክ አንሥታ ወደ ፓርኩ ደወለች፤ ለቅዳሜ ሳምንት፣ ለአራት ሰው፣ ያንኑ ደሴት፣ አንድ ጠረጴዛ።

«ፓኬጅ ነው ካርድ?» አለቻት ስልኩን ያነሣችው ሴት።

«ገንዘብ» አለች እናቴ።

የቁልፍ ሰሌዳ ሲንኳኳ ተሰማ። «እማማ፣ ገንዘብ የሚል አማራጭ እዚህ አላገኘሁም።»

«እንዴት ታገኚዋለሽ፣ የኔ ልጅ? እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው።»

ሴትየዋ የበላይዋን ጠየቀች፣ የበላይዋም የበላዩን። በመጨረሻ የተሰጠው መልስ፣ የበላውን በሙሉ ዋጋ መክፈል የሚፈልግ እንግዳ ያልተለመደ ጉዳይ ስለሆነ የምክትል ፕሬዚዳንቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል የሚል ነው። ፈቃድ ሰጪው እርስዎ ነዎት። አንዲት አሮጊት ቅናሽ ሳትጠይቅ፣ ነጥብ ሳትቆጥር፣ የራሷን ልጆች በራሷ ገንዘብ አንድ ላይ ልታበላ የእርስዎን ፊርማ እየጠበቀች ነው። ይህን ያህል ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ መኖሩን ሳውቅ በእውነት ደንግጫለሁ።

ቨርና ትናንት ደወለችልኝ። በእናታችን በኩል አይደለም፤ ራሷ። ይህን ደብዳቤ አነበብኩላት። «‹የተከበሩ› የሚለውን አውጪው» አለች። ጨዋ ነኝና ተውኩት። ከዚያ ስለ አባታችን ጀልባ አንድ ነገር ልትነግረኝ ጀመረችና አቆመች። «በስልክ አይሆንም» አለች። እኔም አይሆንም አልኩ። እሱ ነገር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እናታችን በመካከል ሆና፣ ማናችንም ተነሥተን መሄድ በማንችልበት ቦታ ነው የሚወራው። ክቡር ሆይ፣ የምንለምንዎ ራት አይደለም። ራት ቤታችን አለ።

ቢፈርሙም ባይፈርሙም ቅዳሜ ሳምንት አራታችንም ጀልባ መሳፈሪያው ላይ እንገኛለን። እንዳሳፈራችሁን ወይም እንደመለሳችሁን፣ ከተቀመጥንም ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠና ማን ቀድሞ እንደተናገረ፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር ለአንባቢዎቼ በዚሁ ገጽ ላይ አወራዋለሁ። እነሱ ደግሞ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ለሚቀጥለው ክረምት ፓኬጅ ወይስ ካርድ እንግዛ እያሉ የእኔን ቃል እየጠበቁ ነው።

የሰውን ሁሉ ማዕድ በሁለት አዳራሽ ለከፈለው ጥበብዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ብዕርዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ቢሮዎም ለአንድ ቀን ብቻ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ክፍት እንዲሆን እየጸለይኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ማርቫ ሊን ሆብስ
ፓኬጅ የነበረች

ግልባጭ፦
ለእህቴ ቨርና

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ሰምታ አንዲት ነገር እንድጨምር አዘዘችኝ፤ ቃሏን እንዳለ አስቀምጫለሁ። «ከፈረመ አምስተኛ ወንበር ይጨመርና እሱም ይምጣ በይው። ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ። ከሰው ጋር በልቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።»