ባዶ ስለተባለው የእስጢፋኖስ ገደል

«በታቀደው የተከላ ቦታ፣ ማለትም ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጥር በታች ባለው የሣር ቁልቁለት ላይ፣ ጥበቃ የሚያሻው የወፍም ሆነ የዕፅዋት ዝርያ አልተገኘም። ቦታው ለባሕር ዛፍ ተከላ ተስማሚ ነው። የመረጃ ምንጭ፦ የአቶ ሞላልኝ ወልደኪዳን ምዝገባዎች። ያጠናቀረችው፦ ፍቅርተ ወልደኪዳን።»

እኅቴ ፍቅርተ፣ ከላይ ያለውን ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ቢሆንም ሰላምታ አይቀርም። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ያምምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? ኤፍሬምስ ደኅና ነው? ማኅደረማርያም ትምህርቱ እንዴት ይዟታል? የሄልሲንኪ ጨለማ ገና ጥቅምት ሳይወጣ ይጫነኛል ትዪኝ ነበርና አሁን እንዴት አድርጎሽ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እዚህ ውርጩ ጀምሯል፤ ደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። የአባባ ጉልበት ቢደክምም ምላሳቸው የድሮው ነው። እማማም ዓይናቸው ከታከመ ወዲህ የሰውን መልክ ለይተው ማማት ጀምረዋል። እኔ ግን ደኅና ነኝ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል።

ወረቀቱን ያየሁት ባለፈው ሳምንት አንኮበር በተጠራው ስብሰባ ላይ ነው። ተከላውን የሚመራው የቀድሞ ተማሪዬ ዘሥላሴ ነው። ከበር ተቀብሎ «ጋሼ፣ ደስ ይበልዎ፤ ሥራው ሁሉ የቆመው በእርስዎ መረጃ ላይ ነው» ብሎ በኩራት ሰጠኝ። እኔም እንደ ሞኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለዓመታት ቅዳሜና እሑዴን ገደል ለገደል ስዞር፣ ያየሁትን ወፍና ዕፅ ሁሉ ዓለም በኢንተርኔት ወደሚጋራው መዝገብ ሳስገባ የኖርኩት አንድ ቀን ለአገር ልማት ይጠቅማል ብዬ አልነበር? ከዚያ አንቺ ሄልሲንኪ ሆነሽ ያጠናቀርሽውን አነበብኩ። ስምሽን ሳይ መነጽሬን አውልቄ፣ ጠርጌ፣ እንደገና አየሁ።

ፍቅርተ፣ ያንን ገደል አታውቂውም? ለቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ጓሳ ሲታጨድ ነዶ የተሸከምሽበት አይደለም? ያቺን ጀርባዋ ዥንጉርጉር የሆነች ግራጫ ወፍ፣ በዓለም ላይ ከጥቂት ገደሎች በቀር የማትገኘውን፣ ከአውድማ ገብስ እየሰረቅሽ ትበትኚላት አልነበር? እሷ የምትኖረው በሣሩና በድንጋዩ ስንጥቅ ነው። ባሕር ዛፍ ሣሩን ከዋጠው ወዴት ትሄዳለች? ከታች ያለው ምንጭስ?

በስልክ የመለስሽልኝን አልረሳሁም። «ወንድም ጋሼ፣ ሥራዬ የማውቀውን መጻፍ አይደለም፤ የተመዘገበውን ማጠናቀር ነው። ዙሪያውን በነጥብ ሞልተኸዋል፤ ከእስጢፋኖስ አጥር በታች ግን ካርታው ነጭ ነው» አልሽኝ። ቀጥለሽ ደግሞ «‹ሁሉም ያውቀዋል› ማስረጃ አይደለም ብሎ ጽሑፌን በቀይ እስክሪብቶ የሰረዘብኝ ማን ነበር?» አልሽ። ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት ስለተሳሳትሽ አይደለም። ቀይ እስክሪብቶው የእኔ ስለነበር ነው።

ካርታው ለምን ነጭ እንደሆነ ግን ከእኔ እኩል ታውቂያለሽ። አባባ ከብታቸውን እንኳ «ስንት ደረሱ?» ሲሏቸው «እግዜር ይባርካቸው» ብለው የሚያልፉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የወፍ ማያ አቅራቢ መነጽሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የሄድኩ ዕለት በአጥሩ በር ላይ በመቋሚያቸው መንገዱን ዘጉብኝ። «ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሠፍት ወረደበት። አንተ ደግሞ የታቦቱን ወፍ ልትቆጥር መጣህ? ከዚህ ውጭ ያለውን እስኪደክምህ ቁጠር፤ ይህቺን አትነካትም» አሉኝ። ካህናቱም ሁሉ ከእርሳቸው ጋር ቆሙ። እኔም ታዘዝኩ። ገደሉን ባዶ የተውኩት ስለተከበረ ነው፤ አንቺ ዘንድ ሲደርስ ግን ምንም የሌለበት ሆነ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ቀን አስበዋለሁ፣ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ አስበዋለሁ፣ አይገባኝም።

ለአባባ ነገርኳቸው። «የለም ይላሉ? እግዜር እያየው የለም ይባላል? ማን ነው ያለው?» አሉ። «ፍቅርተ» አልኳቸው። «እሷስ አትልም። ብርዱ አስብሏት ነው» አሉ። አሁንስ ልቁጠር ብዬ ብለምናቸው ተቆጡኝ። በማግስቱ ግን ከቅዳሴ ሲወጡ ጠርተው፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ «እኔ መቅደስ ውስጥ ሆኜ የማላየውን ነገር አልከለክልም» አሉኝ። ፈቀዱልኝ ማለት ነው? ወይስ ኃጢአቱን ለእኔ ብቻ ተዉልኝ? ብቆጥርስ ማን ያምነኛል? የደብሩ ቄስ ልጅ፣ ተከላው ሊጀመር ሲል ወፍ አገኘሁ ቢል አንቺ ራስሽ ትቀበይዋለሽ?

ይበልጥ ያወዛገበኝ ደግሞ ይመኙሻል ናት። ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ የምትኖር የልጆች እናት ናት። ተከላው ለእነሱ ሥራና ማገዶ ይሰጣል ተብሎ ስብሰባው ላይ ተጠርታ መጥታ ነበር። እኔ ስለ ወፏ ስናገር ስትሰማ ቆየችና ተነሣች። «ጋሼ፣ እኛን በየወሩ ይቆጥሩናል። በጣት ቆጠሩን፣ በስልክ ቆጠሩን። ተቆጥረን ምን አገኘን? እስቲ ወፏ ስትቆጠር የሚደርሳትን ዱቄት እናያለን» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ከስብሰባው በኋላ አግኝቻት፣ ዛፉ የግድ እዚያ ገደል ላይ መተከል እንደሌለበት ነገርኳት። ከመንገዱ በላይ የተራቆተ መሬት አለ፤ እዚያ ሰባት ዓመት ተመላልሼ ከቁራ በቀር እምብዛም አላየሁም፤ ይህም እዚያው መዝገብ ውስጥ አለ። «ታዲያ ይህን ለምን ስብሰባ ላይ አላሉም?» አለችኝ። ስለ አንቺ ስናደድ ረስቼው ነበር።

መረጃዬን በሙሉ ከመዝገቡ አውጡልኝ ብዬ ማመልከቻ ጽፌ ነበር። ቀደድኩት። አምና አዲሱ መንገድ ሲሠራ የጥዱን ሸለቆ ትቶ በጎን የዞረው በዚያው መረጃ ምክንያት ነው። አንዱን ያዳነ ነገር ሌላውን ሲያጠፋ ምን ይደረጋል? በማን ልናደድ? በአንቺ፣ በአባባ፣ ወይስ በዘሥላሴ? እሱ ምስኪን የተሰጠውን ወረቀት አምኖ ነው የሚሠራው።

አባባና እማማ በጣም ናፍቀውሻል፤ እማማ «የሱፍ ሹራቡ ደርሷታል ወይ?» ብለህ ጠይቅልኝ ብለዋል። ባለቤቴ ትርሲት አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች፤ ደብዳቤው ተቆጥቷል፣ አለዝበው ብላኝ እንቢ ማለቴንም እንድነግርሽ ጠይቃለች። ኤፍሬምን በእኔ ስም ጨብጪልኝ። ማኅደረማርያምን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ባንቺ አልተቆጣም በያት።

አሁን የምጠይቅሽ የምታውቂውን እንድትጽፊ አይደለም፤ የተመዘገበውን ነው። የሄድኩባቸው ቀኖችና መንገዶች ሁሉ ከነሰዓታቸው መዝገቡ ውስጥ አሉ። ክፈቻቸውና እያቸው። ከእስጢፋኖስ አጥር በታች አንድም ቀን እንዳልገባሁ መዝገቡ ራሱ ይመሰክርልሻል። ስለዚህ «ቦታው ጨርሶ አልተጠናም፤ በዚህ መረጃ ሊወሰንበት አይገባም» ብለሽ ታርሚያለሽ ወይስ አታርሚም? ውሳኔው የሚሰጠው ኅዳር 15 ቀን ነው። መልስሽ በጽሑፍ፣ በስምሽና በፊርማሽ፣ እስከ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ይድረሰኝ። በስልክ አይሆንም፤ በስልክ ታለቅሺና እኔም አብሬሽ አለቅሳለሁ፣ ገደሉም እንደዚያው ባዶ ተብሎ ይቀራል።

ወንድምሽ ሞላልኝ ወልደኪዳን
ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.