ጎህ ሳይቀድ የተነበበው ማስተባበያ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ስታጎነብስ ይይዝሃል? ሚስትህ እንዴት ናት? ትንሿን ሳሉ ለቀቃት? እናታችንስ እህል ትቀምሳለች ወይ? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከመማረሩ በቀር ተመስገን፣ አለሁ። በስተርጅና ፊደል የቆጠረ ሰው ጽሑፍ ነውና ታግሰህ አንብበው።

ልጅህ በሬድዮ በተናገረ ቁጥር ጎረቤት እጅህን እንደሚጨብጥህ ጽፈህልኝ ነበር። ደስታህን ላለማደፍረስ ዝም አልኩ። አሁን ግን ሆዴ አልችል አለ።

ከቤቴ ፊት ለፊት ያለውን ዳቦ ጋጋሪ ታውቀዋለህ፤ ሰፈሩ አባ ትኩስ የሚለውን። ልጅህ ለትምህርት እኔ ዘንድ በኖረባቸው ዓመታት ጠዋት ጠዋት ከምድጃው የወጣ ዳቦ ኪሱ ውስጥ ሳይከትለት አሳልፎት አያውቅም። ፍራንክም አይቀበለው ነበር።

የልጅህን የምሽት ዝግጅት እናንተም ትሰሙታላችሁ። ሰው ይደውላል፣ ብሶቱን ይናገራል፣ የተናገረው ሳይጣራ ይተላለፋል። እኛ ሰፈር በዚያ ሰዓት የማይከፈት ሬድዮ የለም፤ ከፀጉር ቤቱ እስከ ጋራዡ ብትሄድ አንድ ቃል አያመልጥህም። በዝናቡ ሰሞን የሰፈሩ ልጆች ሆዳቸውን ታመው ነበር። አንዲት ሴት ደወለችና ሕመሙ ከዳቦ ነው፣ የሻገተ ዱቄት የሚያቦካ ሰው አለ አለች። ዳቦ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቃት። በዚያ ዳቦ ያደገው ልጅ ነው የጠየቃት። ነገረችው። እሱም አድማጮቻችን ሰምታችኋል፣ ለልጆቻችሁ ስትሉ ተጠንቀቁ ብሎ ዘፈን ከፈተ።

በማግስቱ የዳቦ ቤቱ መስኮት በድንጋይ ረገፈ። ለሠርጉም ለለቅሶውም ከእሱ ሲያስጋግሩ የኖሩ ሰዎች መንገድ ተሻግረው ያልፉት ጀመር። ሚስቱ ላይ ገበያ መሃል ምራቅ ተተፋባት።

ኋላ ከጤና ቢሮ መጥተው ዱቄቱንም ውሃውንም መረመሩ። ዱቄቱ ንጹሕ ነበር። ጥፋቱ ከመጸዳጃው ጉድጓድ አጠገብ የተሰነጠቀው የውሃ ቧንቧ ነው። ይህንኑ ጽፈው በሩ ላይ ለጠፉለት። ማን ያንብብ? በሬድዮ ተነግሯል እኮ ነው መልሱ።

ከሬድዮ ጣቢያው ጥበቃ ጋር ተጨቃጭቄ ልጅህ ዘንድ ገባሁ። አክስቴ፣ ማስተባበያው ተነቧል እኮ አለኝ። መቼ ብለው፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከአየር ጠባዩ ዘገባ ቀጥሎ አለ። የምሽቱ ሰዓት የማስታወቂያ ነው፣ አለቆቹ አይፈቅዱም። ወንድሜ፣ በዚያ ሰዓት እኛ ሰፈር ነቅቶ የሚገኝ ዳቦ ጋጋሪ ብቻ ነው። እሱም ምድጃው ከቀዘቀዘ ወዲህ ምን ሊያደርግ ይነሳል? ተኝቶ ነበር። ታዲያ ማን ሰማው ብለው፣ የኛ ሥራ ማንበብ ነው፣ መስማት የአድማጭ ነው አለኝ። የበላህበትን ወጪት ሰባሪ አልኩት። አንቺ ደግሞ ሁሌ እንደመረረሽ ነው ብሎ ስቆ ሻይ አዘዘልኝ። ትቼው ወጣሁ።

የጤና ቢሮውን ወረቀት ከበሩ አንስቼ ለአባ ትኩስ ላነብለት ስል፣ እኔማ ዱቄቴን አውቀዋለሁ እትዬ፣ ለነሱ አንብቢላቸው አለኝ። ሄድኩ። አሁን ሰው የሚሰለፈው ጋራዡ ጎን በተከፈተው አዲስ ዳቦ ቤት ነው። ሰልፉ ፊት ቆሜ፣ እየተንተባተብኩም ቢሆን፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበብኩት። ፀጉር ሠሪዋ፣ እትዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ጣቢያ ከፈቱ አለች። ተሳሳቁ። ከኋላ አንዱ፣ ሞገድዎ ስንት ነው አለኝ። ሌላው ደግሞ ተራ አይዝጉ፣ ዳቦው ያልቅብናል ብሎ በትከሻው ገፋኝ። እውነት ቢሆን ኖሮ በሬድዮ ይነገር ነበር ያለችኝ የገዛ ልጇ በዚያ ቧንቧ ውሃ የታመመባት እናት ናት።

ስለዚህ ልጅህ ላይ ብቻ አልፈርድም። ድንጋዩን የወረወረው ጣቢያው አይደለም። ጎረቤቱን ሃያ ዓመት በዓይኑ ያየ ሰፈር፣ ዓይኑን ትቶ ጆሮውን አመነ። የወረወረው እጅ የሚያርፈው ግን ያው የልጅህ አፍ ሲናገር ብቻ ነው፤ እኔ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

አባ ትኩስ በገዛ እጁ የገነባውን ምድጃ ሊያፈርሰው ነው። ጡቡን የሚወስደው ሰው ወሩ ሲያልቅ ጋሪ ይዞ ይመጣል። ባልና ሚስቱም ከዚያ ወዲያ የሚሄዱበትን አያውቁም። ልጅህ እንደሆነ አንተ አባቱ ነህና ቃልህን ይፈራል። በዚያው በምሽቱ ሰዓት፣ በዚያው አፉ፣ ተሳስቻለሁ ይበል። ከሥራ ቢያባርሩት ክፍሌ ለሁለታችን ትበቃለች። ዝም ካለ ግን ደጄን አይርገጥ።

ሚስትህን ደህና ሁኚ በላት፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። መካከለኛውን ልጅህን ጥናትህን አትተው በለው። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታነብላት። ምሽት ምሽት ሬድዮው ሥር ተቀምጣ የልጅ ልጇን ድምፅ ስትሰማ ትመርቀዋለች አሉ። አታስቁማት፤ ምርቃቱ ያስፈልገዋል።

እህትህ
ከዳቦ ቤቱ ማዶ
ጥቅምት ፱ ቀን