የናፊያ አረንጓዴ ቀሚስ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ዛሬም ሰልባጅ ልብስ ስተረትር ዋልኩ። የፈረንጅ ስፌት ግትር ነው፤ ምላጭ ካላሳዩት አይለቅም። ሰማያዊው ቀሚስ የማን ነበር ይሆን? ትከሻዋ የበር ያህል። ምን ትበላ ነበር? ሄልጋ ብዬ ስም አወጣሁላት። ሄልጋን ከግራም ከቀኝም አጥብቤ፣ ከታች አሳጥሬ፣ ለደንበኛዬ ለሶፍያ ልክ አደረግኋት። ሶፍያ እኮ የሄልጋ ግማሽ ናት።

እማዬ አዲስ አበባ ወንድሜ ጋ ልጅ ልትጠብቅ ከሄደች ወዲህ ክፍሉ ሰፍቶብኛል። ክፍልም ማጥበብ ቢቻል...

ደግነቱ ናፊያ አለች። ሸዋ በር ገበያ ቦንዳ ፈትታ ሰልባጅ፣ ፈረንጅ የለበሰውን፣ ትሸጣለች። ለሚሰፋቸው ሁሉ፣ «ጓደኛዬ ጋ ሂዱ፣ ታጠብብላችኋለች። አፏ ብቻ ነው የማይጠብ» ትላለች አሉ። ቆይ አገኛታለሁ።

ዘዴዬን ልጻፈው? ማን ያያል። ሁሌ አንድ ነገር ሳልጨርስ ነው የምሰጠው። ቁልፍ በአንድ ክር... ወይ ከጠርዙ አንድ ስንዝር ሳልሰፋ። በሁለት በሦስት ቀን ይመለሳሉ። «ውይ! አምልጦኝ!» እላለሁ። ይቀመጣሉ። እስክሰፋ አሾፍባቸዋለሁ፣ ይስቃሉ። አላስከፍልም። ስሙ መንጠቆ ነው።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ሶፍያ ተመለሰች! ቁልፏን በጭብጧ ይዛ።

«አንቺ፣ ስብሰባ መሀል ዘሎ ወደቀ እኮ!»

«ደረትሽ ገፍቶት ነው። ምን ያድርግ፣ ነፍሱን ሊያድን ዘለለ።»

እስኪያስላት ሳቀች። ሻይ አፈላሁላት። ቁልፉን መስፋት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ክሩን ሦስቴ በጠስኩት፣ እንድትቆይ።

ሄደች። ብርጭቆዋን አላጠብኩትም። ለምን? እንጃ... ጠረጴዛ ላይ ሁለት ብርጭቆ ሲታይ ደስ ይላል።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

አከራዬ እትዬ ተናኘወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሬ ላይ ቆሙ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከስፌት መኪናዋ ጋር።»

«ምን አለችሽ?»

«ዘይት ግዢልኝ አለች። ኪራይም ጨምረውብናል ወይ ብላ ጠየቀች።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። እንዲገቡ አይደለም የቀለድኩት።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ናፊያ መጣች! ከቦንዳው ለራሷ የደበቀችውን አረንጓዴ ቀሚስ ይዛ። ጨርቁ እጅ ላይ አይቆምም፣ ውሃ ነው። ሐሙስ የሀሚድ እናት ሊያዩዋት ይመጣሉ። ሀሚድ ድሬ ዳዋ ሱቅ ያለው ነው፤ ከዓመት በላይ በስልክ ስታወራው የከረመችው ልጅ።

ቀሚሱን ገልብጬ አለበስኳትና ጎኑን በስፒል እያጠበብኩ ያዝኩት።

«አትተንፍሺ።»

«ሐሙስም ሳልተነፍስ ልዋል?»

«ሐሙስማ የሀሚድን እናት ስታዪ ራሱ ይቆማል።»

«አቦ ዝም በይ!» በክርኗ ደቃችኝ። ስፒሉ እኔኑ ወጋኝ። ሁለታችንም በሳቅ ወደቅን።

ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ከኒካሁ በኋላ ድሬ ነው የምንኖረው፣ ኢንሻ አላህ» አለች።

አፌ ውስጥ ስፒል ነበር። የሚቀጥለውን ሰካሁ።

ስትሄድ ሰፋሁት። የግራ ጎኑን በመኪና፣ አንጀት አርስ አድርጌ። የቀኙን ግን... ከብብት እስከ ወገብ፣ በእጅ፣ በረጃጅሙ ለጊዜው ብቻ ያዝ አደረግሁት። ረቡዕ ለልክ ስትመጣ እናየዋለን። «ውይ!» እላለሁ። ከሰዓቱን ሙሉ ትቀመጣለች። ከዚህ በኋላ ስንት ከሰዓት ቀረን?

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ናፊያ ባጃጅ አስቁማ ከውስጥ ሳትወርድ ቀሚሱን ተቀበለችኝ።

«ግቢና ለብሰሽ እዪው!»

«ቤቱ ሥራ በሥራ ነው፣ እናቴ ትገድለኛለች! ያንቺ እጅ አይደል? አምንሻለሁ!»

ባጃጁ ተነሳ። ቁሚ ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ... «ሀሚድን ሳሚልኝ!» ነው የወጣው። ምን ዓይነት አፍ ነው የተሰጠኝ?

ቤቷ ትለካዋለች። ታየዋለች። ትመጣለች።

ደወልኩ። አታነሳም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው። ሄጄ ልንገራት? በእንግዳ መሀል መርፌ ይዤ? ምን ብዬ?

ምናልባት ይይዝ ይሆናል። ቀጥ ብላ ከቆመች ይይዛል።

ጥቅምት 14፣ አርብ

አልያዘም።

የሀሚድን እናት እጅ ልትስም ጎንበስ ስትል ነው የሄደው። ከብብት እስከ ወገብ፣ ቤት ሙሉ ሰው እያየ። ሴትየዋ ሻርፓቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው ሸፈኗት አሉ።

ናፊያ ዛሬ መጥታ ቀሚሱን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረችው። ያን ረጅም ክር መዝዛ ፊቴ ላይ ያዘችው።

«ይሄ ስፌት ነው?»

ክሩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«የሶፍያ ቁልፍ። የእናቴ ጠርዝ። ትናንት ሴቶቹ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ወላሂ አንቺ ጋ ያልተመለሰ የለም። ትቀልጂብናለሽ?»

እኔ ምን አልኩ? «ቢያንስ አማትሽ ጎድንሽ ሙሉ መሆኑን አዩ።» አዎ። ይህንን አልኩ።

አልሳቀችም። ዓይኗ ሞላ።

«እኔ እዚህ የምመጣው ቀሚስ ለማስጠበብ ይመስልሻል?»

ቀሚሱን አንስታ ወጣች።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ማንም አልመጣም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ከሸዋ በር የሚላክ ሰው ቀረ። አንዲት ሴትዮ መጋረጃ አምጥታ ነበር። መጋረጃ ደረት የለው፣ ወገብ የለው... በምን ይቀለድበታል? ጨርሼ ሰጠሁ። ሙሉ በሙሉ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

የመብራት ቆጣሪ አንባቢው መጣ። ተሳስተሃል ብዬ ሁለቴ አስነበብኩት። አልተሳሳተም። ሻይ ልስጥህ ብለው ብዙ ቤት ይቀረኛል ብሎ ሄደ።

ከሰዓት እትዬ ተናኘወርቅ ገቡ።

«ያቺ ሰልባጅ የምትሸጠው ልጅ ጠፋች?»

«አዎ።»

«አጥፍተሽ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እዚህ ተቀምጠሽ ምን ትጠብቂያለሽ? አንቺ እግር የለሽም?»

እግሬን አየሁት። ክር ተጠምጥሞበታል።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ሄድኩ።

እነናፊያ ቤት ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው፣ ወደ ኤረር በር ሲወረድ። በሩ ላይ ሁለቴ ተመለስኩ። በሦስተኛው እናቷ እማማ አሚና ራሳቸው ከፈቱት። መደቡ ላይ ዘመዶቻቸው ተደርድረዋል። ወሬው ቆመ። የሁሉንም እጅ ሳምኩ። ናፊያ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

«ጋብቻው... ፈረሰ?» አልኩ።

«ጋብቻው አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ሴትየዋ ደግ ናት። ያፈረችው ልጄ ናት።»

ይቅርታ ልል ስጀምር እማማ አሚና ተነስተው አረንጓዴውን ቀሚስ አመጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«እዚሁ ትሰፊዋለሽ። ቤትሽ ይዘሽ አትሄጂም። እያየንሽ። ይሄ ሲያልቅ ደግሞ ጉድ የሠራሽብንን ሁሉ በተራ።»

«እሺ... መኪናዬን ላምጣ?»

«በእጅሽ!»

ቅጣት ነው። ስድስት ሰባት ዓይን ጣቴ ላይ። አንዷ «አቅርቢው፣ ይሄ ጥርስ ነው ስፌት?» ትላለች፤ ሌላዋ «ፍቺና ድገሚ።» ፈታሁ፣ ደገምኩ። ሳልጠይቅ ሻይ አመጡልኝ። ምሳ ሲቀርብም «ነይ ቅረቢ» አሉኝ። ሲመሽ እማማ አሚና፣ «ነገ አርብ ነው፣ ቅዳሜ በጧት እንዳትቀሪ» አሉ። በቁጣ ነው ያሉት።

እስከ ቤት ድረስ ያን ቁጣ ይዤው ሄድኩ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ናፊያ ከጓዳ ወጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አላናገረችኝም። የሰፋሁትን ትቀበለኛለች፣ በሁለት እጇ ጎትታ ትፈትነዋለች፣ ትመልስልኛለች። እንደገና። እንደገና። አንዴ ስትጎትት እኔም በወዲያ ጫፍ ጎተትኩ።

ሳቋ ሊመጣ ሲል ከንፈሯን ነከሰችው። አይቻለሁ። ብትክድም አይቻለሁ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ዛሬ ክሩ ሲያልቅብኝ ናፊያ ሳልጠይቅ በመርፌው ሌላ አስገብታ ሰጠችኝ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

እሁድ ከኒካሁ በኋላ ናፊያ ወደ ድሬ ትሄዳለች። ሻንጣዋ በር አጠገብ ቆሟል።

ቀሚሱን ለበሰች። ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፣ እጇን ሰቀለች። ዘመዶቿ «ማሻ አላህ» አሉ። እኔ ጎኑን በጣቴ ዳበስኩት። ልክ ነው። የሚመለስበት ምክንያት የሌለው ልክ።

አውልቃ ሰጠችኝ። የቀረው ከውስጥ የተረፈውን ጨርቅ መቁረጥ ነው። መቀሱን አነሳሁ። እጄን ያዘችው።

«አትቁረጪው።»

ከዚያ አርብ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ለምን? ጎንሽን ያሳብጠዋል።»

«ብወፍርስ? ያገባ ሰው ይወፍራል። ሁለት ጣት ተዪልኝ፣ ኋላ የሚፈታ።»

«ድሬ ልብስ ሰፊ ሞልቶ የለ?» አልኩ። ደንቆሮ።

«አላምናቸውም።»

«እኔንስ?»

«አንቺንም አላምንሽም። አንቺን ግን አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አይሻለሁ።»

አቀረቀርኩ፣ የክሩን ጫፍ የምፈልግ መስዬ። እማማ አሚና «ምን ሆነች?» አሉ። ናፊያ «ስፒል ወግቷት ነው» አለቻቸው። ስፒል አልነበረም።

አሁን ቤቴ ነኝ። ጸጥ ብሏል። እሁድ ደግሞ የባሰ ጸጥ ይላል፤ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ እዚያ የምሄደው የእማማ አሚናን ጠርዝ ልጨርስ ነው፣ ከዚያ የናፊያን አክስት ዚፕ። ሲያልቅስ? ሳይጠሩኝ እሄዳለሁ እንግዲህ።

ሁለት ጣት ነው ያለችኝ። አራት ተውኩላት።

ብይ ናፊያ፣ ብይ።