ያልታጠበው ጋቢ

ይድረስ ለእታለም አልጣሽ፤ ብልባላ።

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹ፣ ከብቱ ደህና ናቸው? አዝመራው በደህና ገባ? የእማማ ጉልበትስ ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ እማማ ከአጠገብሽ ስለማይጠፉ ነው። ምስጋኑ ከእናንተ ዘንድ ጅማ ሲመጣ ያልሽውን አደረሰኝ፦ «የሒሳብ መምህር ነኝ ይላል፤ ለአባቱ አርባ ቀን መቁጠር ግን አቃተው።» ቆጥሬዋለሁ፣ እታለም። የቀረሁት ስለቆጠርኩ ነው።

አሥራ አራት ዓመት ያስተማርኩት፣ ለዶክትሬቴም የያዝኩት በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚዛመት በሒሳብ ማስላት ነው። አባባን ቀብረን ስመለስ፣ ያን ሰሞን በልብስ ቅማል የሚጋባው የሚያገረሽ ትኩሳት የያዛቸውን ሰዎች ዝርዝር ከጤና ጣቢያው አስፈቅጄ ወሰድኩ። ስም የለውም፤ ቀንና ቀበሌ ብቻ። ለጥናቴ የሚሆን ቁጥር አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልደብቅሽም።

ስሌቱ ሁልጊዜ ከአንድ በሽተኛ ይነሳል። እሱን በእጃችን እናስገባዋለን፤ እሱ ካልገባ ማንም አይታመምም። ቀኑን ወደ ኋላ ስቆጥር ከእኛ ቤት ደረስኩ፤ አባባ የታመሙት ገናን ላሊበላ አክብሬ ወደ እናንተ በመጣሁ በዘጠነኛው ቀን ነው። ላሊበላ ሜዳ ላይ ከማላውቃቸው ተሳላሚዎች ጋር አንድ ጋቢ ለሦስት ለብሰን ነበር ያደርነው። ያንኑ ጋቢ ከላዬ አውልቄ ለአባባ ደረብኩላቸው። አንቺ ልጠበው ስትያቸው «የልጄን ጠረን እንዳታጥቢብኝ» አሉሽ። ጅማ ስደርስ እኔንም አተኮሰኝ፤ ብርድ ነው ብዬ ኪኒን ዋጥኩ።

አንቺ ታመሽ ዳንሽ፤ እሳቸው አልዳኑም። በእኛ ሒሳብ የዳነውም የሞተውም አንድ ሣጥን ይገባል፤ ከእንግዲህ አያጋባም ተብሎ። ሰሌዳው ላይ ያንን ሣጥን ስስል እጄ ይቆማል። ተማሪዎቹ የረሳሁ ይመስላቸዋል።

በየካቲት ለአባባ ሙት ዓመት ጋቢውን ለንስሐ አባታቸው ለአባ ተክለ ሚካኤል ልትሰጪ ነው አሉ። መጀመሪያ ቀቅይው። የልብስ ቅማል ያለ ሰው ገላ ሳምንት አይቆይም፤ ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ቢሆንም ቀቅይው።

መጥቼ ዝም ብዬ ከእማማ ጎን መቀመጥ አልችልም። ይንገራቸው ካልሽ ና በይኝ፤ እመጣለሁ። አይሆንም ካልሽም እቀራለሁ፤ ሰው ይማኝ።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ለባልሽ ለደግሰው፣ ለእየሩስና ለታናሿ፣ ማዶ ላሉት ለእትዬ ገለቴ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አባ ተክለ ሚካኤልን «ይፍቱኝ ብሏል» በያቸው። ከምን ብለው ከጠየቁሽ ዝም በይ።

ወንድምሽ ባምላክ
ጅማ፣ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.