አቶ ይደገም የማን ነበር?

መስከረም 14

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ወረፋው ረጅም። ፊቴ የቆመው ሰውዬ ዞር ሲል አየኝና አፌን ሳልከፍት ፈገግ አለ። "ይደገም!" አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ ሱሪዬን በሁለት እጄ ሽቅብ ሳብ፣ አንገቴን ዘንበል። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ዳቦ ሻጯ አንድ ጨመረችልኝ። የተወንኩበት የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ፣ ሲትኮሙ፣ ካበቃ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ዳቦው ግን አሁንም ይጨመራል።

አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷን "ሱሪው ሰፍቶት ነው?" ስትል ሰማሁ። እሷ አታውቀኝም። ሲያበቃ አልተወለደችም።

ቤት ስገባ ስልክ። ከቴሌቪዥን ጣቢያው። ሊመልሱት ነው! አዲስ ዳይሬክተር፣ አዲስ ደራሲ፣ ያው ቢሮ፣ ያው መስኮት፤ ከመስኮቱ ኋላ ደግሞ ያው ባለጉዳይን ሁሉ "ይደገም" እያለ የሚያደርቀው ጸሐፊ፣ አቶ ይደገም። ማለትም እኔ። "አስብበታለሁ" አልኩ ኮስተር ብዬ።

ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ፣ "ምኑን ነው የምታስብበት? ደስታህ ጓዳ ድረስ ይሰማል" አለች።

መስከረም 19

ጣቢያው ሄድኩ። ከድሮ ሰው የቀረው የበሩ ዘበኛ ብቻ ነው። ዳይሬክተሯ ሠላሳ ቢሞላት ነው።

"አባባ፣ እኔኮ እርስዎን እያየሁ ነው ያደግኩት።"

ድሮ "ጋሼ" ነበር፤ ዛሬ "አባባ"። ማዕረግ ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ?

"ምንም እንዲቀየር አልፈልግም" አለች። "ያ ሱሪ፣ ያ አንገት፣ ያቺ ‹ይደገም›። እስቲ ያሳዩን።"

ተነሳሁ። ሳብ፣ ዘንበል፣ "ይደገም"። ደራሲው ከወንበሩ ሊወድቅ። ወለል የምትወለውለው ሴትዮ መወልወያዋን ተደግፋ ቀረች። ጉልበቴ ቀጭ ሲል በሳቁ መሃል ማንም አልሰማው።

"ከየት ነው ያመጡት ግን?"

"ከዚህ" አልኳት፣ ጭንቅላቴን እየነካሁ። ሃያ ሦስት ዓመት የሰጠሁት መልስ ነው። ሳላስበው ይወጣል።

መስከረም 22

እህቴ ደወለች። የእኛ ታናሽ። እንኳን ደስ አለህ ትለኛለች ስል፣ "ለጋሼስ ነግረኸዋል?" አለችኝ።

ጋሼ የምንለው ታላቃችንን ነው። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በዓመት አንዴ ሁለቴ ብንገናኝ ነው... ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲሞት።

"እሱን ምን አገባው?"

"የምርህን ነው? ማስተማሩን ለምን እንደተወ አታውቅም?"

"ዓይኑን አሞት ነዋ።"

"ዓይኑን!" አለች። እያለቀሰች ይሁን እየተናደደች አልለየሁትም።

ነገረችኝ። ጋሼ ካርታ ላይ ወንዝ እያሳየ ነው። ዞር ሲል ክፍሉ በሙሉ ቆሟል፤ ሁሉም ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን። "ይደገም!" ባንድ ድምፅ። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆየም። እሷን አስምሏታል። "እንዳትነግሪው፤ መተዳደሪያው ነው" ብሎ።

መስከረም 23

ምንም አልሠራሁም። ባለቤቴ "ምን ሆንክ?" አለች፤ "ምንም"። ሦስት ጊዜ ጠየቀች፤ ሦስት ጊዜ ምንም።

መስከረም 26

"አላውቅም ነበር" ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። እዚህ ማን ያየኛል? አውቅ ነበር።

ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያው ቀረጻ ቀን። ስቱዲዮው ውስጥ መቶ ያህል ተመልካች ተቀምጧል። እኔ አርባ አራት ዓመቴ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰካራም፣ በረኛ፣ በጥፊ የሚመታ ባል ሆኜ ስሠራ ቆይቼ፣ ይህ የመጨረሻ ዕድሌ ነው። ጽሑፉ ደግሞ ድንጋይ። አንድ ትዕይንት አለፈ፤ የሚስል ሰው እንኳ የለም። በሁለተኛው ባለጉዳይዋ ተናግራ ጨረሰች፤ የኔ ተራ። ቃሌ ጠፋኝ። ባዶ! እጆቼ ግን በገዛ ፈቃዳቸው ሄደው ሱሪዬን ያዙ። አንገቴ ዘመም። "ይደገም።"

ሳቁ እንደ ጣሪያ ወረደብኝ።

በዚያ ሳቅ መሃል ቆሜ ምን እንዳየሁ አልረሳውም። ጋሼን ነው ያየሁት። አባታችን በሞተ ዓመት፤ እሱ አሥራ ሰባት፣ እኔ ዘጠኝ። ደብተሬን ይዞ ያስጠናኛል። ስሳሳት አይቆጣም፤ ሱሪውን ሳብ አድርጎ "ይደገም"። ሱሪው የአባታችን ነበር። ወገቡ ሁለት ሰው ይይዛል። ለእኔ ለትምህርት ቤት በልኬ አዲስ ተገዛልኝ፤ እሱ የሟችን ለበሰ። ሱሪው አለቀ፤ እጁ ግን ለምዶ ቀረ።

እኔ በዚያ ነው የተጨበጨበልኝ።

ጥቅምት 2

ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሳልደውል፤ ብደውል እንደማልሄድ ስለማውቅ።

ሚስቱ ከፈተችልኝ። እሱ መስኮት ሥር ተቀምጧል፣ መነጽሩ ወፍራም፣ ግድግዳው ላይ ያ ትልቅ የዓለም ካርታ። ስጨነቅ የማውቀው አንድ ነገር ስለሆነ ቀልድ ጀመርኩ፤ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ "አባባ"። እጁን አነሳ።

"ቀልድህን ከበር ላይ አውልቀህ ግባ።"

ተቀመጥኩ። "እህታችን ነገረችኝ" አልኩ።

"አፏን አትይዝም።"

"ጋሼ፣ እኔ ተማሪዎቹ..."

"ተማሪ ይስቃል!" አለኝ። "በጠመኔዬ ስቀዋል፣ በጫማዬ ስቀዋል። በተማሪ ሳቅ ማስተማር ይተዋል?"

ተነስቶ ከመሳቢያ ፖስታ አወጣ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለው። ገልብጬዋለሁ፦ "በማስተማር ላይ እያሉ በቴሌቪዥን የሚታየውን የቀልድ ተዋናይ በመኮረጅ የክፍሉን ሥርዓት እያወኩ ስለሆነ፣ ከዚህ ድርጊት እንዲታቀቡ በጥብቅ እናሳስባለን።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እሱን... እኔን በመኮረጅ? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅ አመለጠኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ።

"ሳቅ" አለ። "እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ።" እውነትም ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ደብዳቤ ላይ... ሚስቱ ብቅ ብላ አየችንና ተመለሰች።

ከዚያ ሳቁ ቆመ።

"ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ" አለ። "‹ይኼ የኔ ነው፤ ወንድሜ ነው ከኔ የወሰደው› አልኩት። ጋዜጣ አወጣልኝ። አንተ ነህ፤ ፎቶህም አለ። ‹ከራሴ ነው ያፈለቅኩት፤ ማንንም አላየሁም› ብለሃል። ‹ታዲያ ወንድምዎ ዋሽቶ ነው?› አለኝ። ምን ልበለው? አዎ፣ ወንድሜ ውሸታም ነው ልበል? ‹አይ፣ እኔው ነኝ የኮረጅኩት› ብዬ ፈረምኩ። በዓመቱ ለቀቅኩ።"

ደብዳቤውን አጥፌ መለስኩለት።

"ሁሉንም ክፍል አይቼዋለሁ" አለ። "አሥራ አራት ዓመት። ዛሬ ይናገር ይሆናል፣ ዛሬ ይናገር ይሆናል እያልኩ።"

በር ድረስ ሸኘኝ። እዚያ ቆሜ፣ እንደገና ሊጀመር እንደሆነ ነገርኩት። "ጋሼ፣ ያኔ ሳልጠይቅህ ነው የወሰድኩት። አሁን ልጠይቅህ። ትፈቅድልኛለህ?"

አሰበ። ተማሪ መልስ ሲሰጠው እንደሚያስበው አሰበ።

"አይሆንም" አለ።

ጥቅምት 3

አይሆንም... ሰባ አምስት ዓመቱ ነው። ዓይኑ አሁን እውነትም ደክሟል። ብሠራው ያየዋል?

ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ጻፍኩት፣ ነገም አንብቤ እንዳፍር።

ጥቅምት 8

ለዳይሬክተሯ ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም፤ ሱሪውንም አንገቱንም "ይደገም"ንም እንደማልሠራ። ዓይኗን አፈጠጠች።

"አባባ፣ ሕዝቡ የሚጠብቀው እሱን ነውኮ!"

"አውቃለሁ።"

"ያለ እሱ ምን ሊሆኑ ነው?"

እኔስ የት አውቄ። "እስቲ የሙከራ ቀረጻ እናድርግ" አለች። ደግ ልጅ ናት። ያዘነችልኝ መሰለኝ፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

ጥቅምት 12

ሙከራው። ከመስኮቱ ኋላ ተቀመጥኩ። እጄን የት ላድርገው? አርባ ዓመት በሙያው ላይ የኖርኩ ሰው እጄን የማደርግበት አጣሁ። ኪሴ ከተትኩት፣ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት፣ መጨረሻ ላይ ተቀመጥኩበት። ካሜራማኑ አዛጋ። በትህትና ነው ያዛጋው፣ ዞር ብሎ።

አስቂኝ ሰው ነበርኩ ወይስ አስቂኝ ሱሪ?

ጥቅምት 15

ዳይሬክተሯ ደወለች። ከመስኮቱ ኋላ ሌላ ተዋናይ ይቀመጣል፤ የራሱ አመል ያለው ሌላ ጸሐፊ። አቶ ይደገም ጡረታ ወጥቷል ይባላል። "እርስዎ ግን ከመስኮቱ ማዶ ቢሆኑስ? በየሳምንቱ አንዲት ወረቀት ፍለጋ የሚመላለስ ሽማግሌ።"

"ስንት ትዕይንት?"

"ሁለት። አንዳንዴ አንድ።"

አሥራ አራት ዓመት ሰው ሳመላልስ ኖሬ፣ ተራዬ ደረሰ። እሺ አልኳት።

ባለቤቴ ሸሚዜን ስትተኩስ ኮሌታውን ሁለቴ ተኮሰችው።

ጥቅምት 22

የጠዋት ፕሮግራም ላይ እንግዳ አድርገውኝ ነበር፤ አዲሱን ሲትኮም ለማስተዋወቅ። ቀጥታ ስርጭት። ጋዜጠኛው ያቺኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ገና ስገባ አውቄያታለሁ።

"አቶ ይደገምን ከየት አገኙት?"

እጄ ወደ ጭንቅላቴ መሄድ ጀመረ። መሃል መንገድ ላይ መለስኩት።

"ከታላቅ ወንድሜ ነው የሰረቅኩት" አልኩ። "መምህር ነው። አባታችን ሲሞት እኔን ለማስተማር የአባታችንን ሱሪ የለበሰ ልጅ ነበር። እናንተ የሳቃችሁት በዚያ ሱሪ ነው። ከራሴ አፈለቅኩት ብዬ ስዋሽ እሱን በሥራው ቦታ ኮራጅ አሉት። እኔን ላለማዋረድ ኮራጅ ነኝ ብሎ ፈረመ። ኮራጁ እኔ ነኝ።"

ጋዜጠኛው ወረቀቱን አየ። ወረቀቱ ላይ ለዚህ የሚሆን ጥያቄ አልነበረም። "እ... ወደ ማስታወቂያ እንሂድ" አለ።

መኪና ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ሃያ ሦስት ዓመት ዘግይቶ የመጣ እውነት ምን ያቀላል?

ጥቅምት 30

ከጋሼ ምንም የለም። ጋዜጠኞች አድራሻውን ይጠይቁኛል። ለማንም አልሰጠሁም። ዳቦ ቤት ሰዉ አየኝና ዝም አለ። ዛሬ ዳቦ አልተጨመረልኝም። ልክ ነው፣ ይገባኛል።

ኅዳር 6

እህቴ ደወለች። ጋሼ መድኃኒት ቤት ተሰልፎ ሳለ አንድ ጎልማሳ ቀርቦ ኮፍያውን አወለቀ አሉ። የመሬት ቀያሽ ነው፤ ያን ቀን ሱሪ ይዘው ከቆሙት አንዱ። "መምህር፣ ካርታ ማንበብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት" ብሎ እጁን ያዘው፤ አለቀቀውም። ጋሼም፣ "ስምህ ማን ነበር? ከኋላ ነበር የምትቀመጠው?" ብሎ ጠየቀው።

"ስለ እኔስ ምን አለ?"

"ምንም" አለች። "ፕሮግራሙ በስንት ሰዓት እንደሆነ ግን ጠይቆኛል።"

ኅዳር 19

የመጀመሪያው ክፍል ዛሬ ከሰዓት በተመልካች ፊት ተቀረጸ። በተሰለፉት መጨረሻ ቆሜ ገባሁ። የመጀመሪያው ሳቅ አልመጣም። ሁለተኛውም። ከዚያ ወጣቱ ጸሐፊ "ነገ ይመለሱ" ሲለኝ፣ ሳላስበው "ነገ የትኛው ነገ?" አልኩት፣ በደከመ ድምፅ፣ በራሴ ድምፅ። ሳቁ። ትንሽ ሳቅ፣ እንደ ድሮው ጣሪያ የሚያወርድ አይደለም። ግን ለኔ ነው።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ስልክ ጮኸ። ጋሼ! ራሱ ደውሎ የሚያውቅበትን ቀን ላስታውስ ብል አልቻልኩም።

"ዛሬ ነው አይደል ቀረጻው? ሳቁ?"

"ሦስት ጊዜ።"

"ከስንት?"

"ከአሥር ይሆናል።"

"ከአሥር ሦስት!" አለ። "ወድቀሃል።"

"ሳምንት ሌላ አለ።"

"እንግዲያው አጥና።"

ስለዚያ ነገር አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። አይሆንም ካለ አይሆንም ነው። ግን ስልኩን አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁም። ሲተነፍስ ይሰማኛል፣ ከኋላው ሚስቱ ሳህን ስታጥብ ይሰማኛል።

ባለቤቴ በራፉ ላይ ቆማ በእጇ "ማነው?" አለችኝ።

"ጋሼ ነው" አልኳት። ጮክ ብዬ፣ እሱም እንዲሰማ።